የሺንግል ጣሪያ ወጣ ገባ ሲሆን፦ ምክንያቱን ከመሬት እስከ አቲክ ደረጃ በደረጃ መፈለግ

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት በገዛን በሁለተኛው ዓመት ጣሪያውን አስቀየርን። ወሩ ጥር ነበር። ሠራተኞቹ በአንድ ቀን ጨርሰው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ ቀና ብዬ አየሁት። ፀሐይዋ ገና ከጎረቤታችን ዛፍ በላይ ብቅ ማለቷ ነው። አዲሱ ጣሪያችን አንዱ ጋ አብጧል፣ ሌላው ጋ ሰርጉዷል። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን ይሄ ነው? ክው ብዬ ቀረሁ።

ለሠራልን ኮንትራክተር ደወልኩለት። "ሙቀት ሲመጣ ይተኛል፣ አያስቡ" አለኝ። ጠበቅን። ሰኔ ሲደርስ ግማሹ እውነትም ተኛ። ግማሹ ግን ንቅንቅ አላለም። የተኛው ለምን ተኛ? ያልተኛውስ ለምን እምቢ አለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ስከታተል ነው ከዚህ በታች የምጽፈውን የተማርኩት። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አሌክሳንድሪያም፣ አትላንታም ሆነ ዳላስ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ ያለ ምክንያት ሙሉ ጣሪያ እንዳትቀይሩ፣ ወይም መቀየር ያለበትን አይታችሁ እንዳላያችሁ እንዳታልፉት ብዬ ነው።

ሺንግል የራሱ ቅርጽ የለውም

አገር ቤት ያደግንበት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሞራሌው ትንሽ ቢጣመም ከሩቅ ብዙም አያስታውቅም። ሺንግል እንደዚያ አይደለም። ስስ የፋይበርግላስ ምንጣፍ ሬንጅ ጠጥቶ፣ ከላዩ ደቃቅ ጠጠር የተነሰነሰበት ነገር ነው። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ባለው ላይ ልጥፍ ይላል። አልጋ ላይ የተዘረጋ አንሶላ አስቡ። ፍራሹ ጎድጉዶ ከሆነ አንሶላውን አሥር ጊዜ ብትቀይሩት ጉድጓዱ አይጠፋም።

ከሺንግሉ ሥር የሬንጅ ወረቀት አለ፤ ፌልት ይሉታል። ከፌልቱ ሥር ቦርድ አለ። ቦርዱ ወይ ፕላይውድ ነው፣ ወይ ከእንጨት ስንጥር ተጨምቆ የተሠራ ኦኤስቢ ነው። ከቦርዱ ሥር ተሸካሚው እንጨት አለ። በአሮጌ ቤት ራፍተር ነው፣ በአዲሱ ደግሞ ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ትረስ። ላይ ላዩን የምታዩት ወጣ ገባ ከነዚህ ከአንዱ የመጣ ነው። ሥራችሁ ከየትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ጥሩ ባትሪ፣ ካቻቪቴ፣ ሲባጎና ስልካችሁ ነው። ጣሪያው ላይ መውጣት አያስፈልግም። አደራ፣ አትውጡ። ብዙውን ነገር ከመሬትና ከአቲክ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ካለው ክፍት ቦታ፣ ማወቅ ይቻላል።

1. በቀን ሁለት ጊዜ እዩት

ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስታበራ ትንሽ እብጠት እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። እኔን ያስደነገጠኝ የጠዋቱ ፀሐይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ጣሪያው ግማሽ በግማሽ የተሻለ ይመስል ነበር።

ስለዚህ መንገድ ማዶ አንድ ቦታ ምረጡና ቁሙ። ከአንድ ቦታ ጠዋት አንድ ፎቶ፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ፎቶ አንሱ። እኩለ ቀን ላይ ጭራሽ የማይታየው ለጊዜው አያሳስብም። በሁለቱም ሰዓት የሚታየው ግን እውነተኛ ነው። ፎቶዎቹን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ስታነጻጽሩ ጉዳዩ እየባሰ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ ሌላ ምስክር የለም።

ጥቁር ዝርግፍግፍ መስመር ብቻ ከሆነ ያያችሁት፣ በተለይ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜን በኩል፣ እሱ አልጌ ነው። መልክ ያበላሻል እንጂ ጣሪያው አልተጣመመም።

2. ሺንግላችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ስሪታብ ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በሦስት የተከፈለ ነው፣ ከሩቅ ሲታይ የጡብ ግድግዳ ይመስላል። ሁለተኛው አርኪቴክቸራል የሚባለው ነው። ሁለት ንብርብር ተጣብቆ የተሠራ ሲሆን አንዳንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዳንዱ ቦታ ስስ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጥላ እንዲፈጥርና የእንጨት ጣሪያ እንዲመስል ነው።

አርኪቴክቸራል ሺንግል አስገብታችሁ "እኩል አይደለም" ብላችሁ ከሆነ፣ ምናልባት የምታዩት ዲዛይኑን ነው። መለያው ቀላል ነው። ዲዛይን ከሆነ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ እንዲሁ ነው። ችግር ከሆነ አንድ አካባቢ ላይ ነው፣ ወይም መስመር ሠርቶ ይሄዳል። ስሪታብ ደግሞ ምንም አይደብቅም። ከሥሩ አንድ ቦርድ ትንሽ ከፍ ካለ ወዲያው ያሳብቃል።

3. በእብጠቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ቁጠሩ

ከሁሉም ደረጃ የምወደው ይሄ ነው። ርቀቱን ካወቃችሁ ምክንያቱን ግማሽ አገኛችሁ።

መሬት ላይ ቆሞ መለካት ይቻላል። ሜትሩ ራሱ ሺንግሉ ነው። ከአሸንዳው ወደ ላይ ስትሄዱ ከእያንዳንዱ ረድፍ ለዓይን የሚታየው ወርድ 5 ኢንች ገደማ ነው፤ በብዙዎቹ አርኪቴክቸራል ሺንግሎች ላይ 5⅝ ኢንች ነው። ወደ ጎን ስትሄዱ ደግሞ የስሪታብ አንዱ ክፋይ ወርዱ 1 ጫማ ገደማ ነው። ስልካችሁን አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና ቤት ገብታችሁ ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ።

በየ8 እስከ 10 ረድፉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ እብጠት ካገኛችሁ፣ ይህ 4 ጫማ ነው። ቦርዱ 4 በ8 ጫማ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሚነጠፈውም ረጅሙ ጎኑ ከራፍተሩ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ያያችሁት የሁለት ቦርዶች መገናኛ ነው። ከላይ ወደ ታች አጠር ያለ እብጠት በየ8 ጫማው፣ በየረድፉ እየተዛነፈ ከታየም ያው መገናኛ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቦርዶቹ ጥብቅ ተደርገው መገጠማቸው ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። በሁለት ቦርዶች መካከል ⅛ ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መተው አለበት። ክፍተት ካላገኘ ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ይነሳል፣ ሺንግሉንም ይዞ ይነሳል።

ከአናቱ ጀምሮ ቁልቁል እስከ አሸንዳው የሚወርዱ ሰረሰሮች በየ16 ወይም በየ24 ኢንቹ ከታዩ፣ ያ የራፍተሮቹ ወይም የትረሶቹ ርቀት ነው። በአንድ ራፍተርና በሌላው መካከል ቦርዱ ሰርጉዷል። የከሳ ሰው ጎድን እንደሚቆጠር ማለት ነው። ወይ ቦርዱ ለዚያ ርቀት ስስ ነው፣ ወይ እርጥበት አድክሞታል።

በየረድፉ፣ ማለትም በየ5 ኢንቹ የሚደጋገም ጉርብጥብጥ ከሆነ፣ አዲሱ ሺንግል በአሮጌው ላይ ተነጥፎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ ከሁለት ንብርብር በላይ አይፈቅድም። ሁለተኛው ንብርብር ሲፈቀድም ከሥሩ ያለው የተጣመመ ከሆነ አዲሱ ያንኑ ይወርሳል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። 100 ስኩዌር ጫማ የሚሸፍን አርኪቴክቸራል ሺንግል ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። 2,000 ስኩዌር ጫማ ጣሪያ ላይ አንድ ንብርብር ስትጨምሩ ቤቱን 2 ቶን ያህል አሸከማችሁት ማለት ነው። ለማረጋገጥ የጣሪያውን የጎን ጠርዝ በስልክ አቅርባችሁ ንብርብሩን ቁጠሩ። በአሸንዳው በኩል ያለው ጠርዝ አያስተማምንም፤ እዚያ ማስጀመሪያ የሚባል ተጨማሪ ረድፍ ስላለ አንዱ ሁለት ይመስላል።

ርቀት የለሽ፣ እዚህም እዚያም ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ሽብሽብ ብዙ ጊዜ ከፌልቱ ነው። ፌልት ዝናብ ወይም ጤዛ ሲነካው ይሸበሸባል። ሳይደርቅ ሺንግል ከተመታበት ሽብሽቡ ከላይ ይታያል። የኛው ጣሪያ የተኛው ግማሽ ይሄ ነበር። ሲደርቅና ሺንግሉ ሲሞቅ ተስተካከለ። አሁን አብዛኛው ሰው የሚያነጥፈው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይህ ችግር ብዙም የለበትም።

ነጠላ፣ የሳንቲም ያህል እብጠት ደግሞ ምስማር ነው። ምስማሩ ከቦርዱ ተነስቶ ወይም መጀመሪያውኑ ሳይሰምጥ ቀርቶ ከላዩ ያለውን ሺንግል ገፍቶታል። ቶሎ ካልተስተካከለ ሺንግሉን ይበሳዋል። ጥገናው ግን ትንሽ ነው። ምስማሩ ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ አጠገቡ አዲስ ይመታል።

4. አቲክ ውጡ

በቂ ልብ ካላችሁ ይህን ራሳችሁ አድርጉት። ሰው ሲነግራችሁ መስማትና በዓይን ማየት አንድ አይደለም። ግን ተጠንቀቁ። እግራችሁን የምታሳርፉት እንጨቱ ላይ ብቻ ነው። በእንጨቶቹ መካከል ያለው የኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፤ ሰው አይችልም። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ማስክ አድርጉ። በበጋ ከሆነ በማለዳ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ አቲክ እሳት ነው። አሮጌ ቤት ከሆነና ወለሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም ቡናማ ጠጠር የመሰለ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ብርድ መከላከያ) ካያችሁ አትንኩት፣ ውረዱ። ቨርሚኩላይት የሚባለው ማዕድን ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ የተቀላቀለበትም አለ። መጀመሪያ በባለሙያ ይታይ።

እኔ ስወጣ ብቻዬን አልነበርኩም። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጋሼ አሉ፤ አዲስ አበባ ለብዙ ዓመት አናጢ ነበሩ። "ነይ እስቲ ባትሪውን ያዥልኝ" ብለው ቀደሙኝ። ባትሪውን ወደ ላይ አበራሁ። ቦርዱ ላይ የታተመ ማህተም ነበር፦ 24/16። እኔ የፋብሪካ ቁጥር መስሎኝ ነበር። አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር፣ ይህ ቦርድ ጣሪያ ላይ ሲሆን በተሸካሚዎቹ መካከል ቢበዛ 24 ኢንች ርቀት ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ለወለል ነው። ጋሼ ሜትራቸውን አውጥተው ከትረስ ትረስ ለኩ። ልክ 24። "ይችላል፣ ግን ጫፍ ላይ ነው" አሉ።

ከዚያ የሁለት ቦርዶች መገናኛ ላይ እጃቸውን አሳለፉ። "እጅሽን አምጪ" አሉኝ። ዳሰስኩት። አንዱ ቦርድ ከሌላው ዝቅ ብሎ ደረጃ ሠርቷል። ዝቅ ያለው አሮጌው ነው፤ ከዓመታት በፊት ሰርጉዷል። ከፍ ያለው ሠራተኞቹ በጥር የቀየሩት አዲሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ምላጭ እንኳ አይገባም። በትረሶቹ መካከል ደግሞ ሁለቱን ጠርዝ አቻ አድርጎ የሚይዘው የኤች ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ቢኖር ይረዳ ነበር። ኤችክሊፕ ይሉታል። አንድም የለም። ያ ደረጃ ነው መንገድ ላይ አቁሞ ያስቀረኝ።

እናንተም ስትወጡ እነዚህን አራት ነገሮች እዩ። ማህተሙ ምን ይላል? ከተሸካሚ ተሸካሚ ስንት ኢንች ነው? መገናኛው ላይ ክፍተት አለ? ኤችክሊፕ አለ? ከዚያ ከመሬት ያያችሁት እብጠት ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ፈልጉ። ከጭስ ማውጫው ወይም ከአየር ቱቦው ያለውን ርቀት ከውጭ ገምታችሁ ከገባችሁ ቦታው አይጠፋችሁም።

5. እንጨቱን በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉት

ጠቆር ያለ ቦታ ሁሉ የበሰበሰ አይደለም። አሮጌ እድፍ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ካቻቪቴውን ጫን አድርጋችሁ ግፉት። ጠንካራ እንጨት ይመልሰዋል። የበሰበሰ ግን እንደ ቂጣ ያስገባል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምነግራችሁ ነገር አለ። በምሥራቅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ታውንሃውሶች፣ ማለትም ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች፣ አሉ። ብዙ ሐበሻም የሚኖረው እዚያ ነው። በዚያን ጊዜ እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዳይዛመት ተብሎ፣ ከጎረቤት በሚያዋስነው ግድግዳ ግራና ቀኝ 4 ጫማ ያህል፣ እሳት የሚከላከል ኬሚካል የጠጣ ፕላይውድ ይነጠፍ ነበር። የአቲኩ ሙቀት ያንን ኬሚካል ቀስ በቀስ አሲድ አደረገውና እንጨቱን ከውስጥ በላው። የእህቴ ቤት እንደዚህ ነበር። ከውጭ ሲታይ በጎረቤቷ ድንበር በኩል ጣሪያው ሰርጉዶ ነበር። አቲክ ገብተን ባትሪ ስናበራ ያ ክፍል ብቻ ጥቁር ቡናማ ሆኗል። በካቻቪቴ ስነካው እንደ ድርቆሽ ፍርክስክስ አለ። እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ላይ ሰው ቢወጣ ሊደረመስ ይችላል። የናንተም ታውንሃውስ በዚያ ዘመን የተሠራ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ እዩት። ጣሪያ ሊያይ የሚመጣውንም ሰው ከመውጣቱ በፊት አስጠንቅቁት።

6. እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ተከተሉ

ቦርድ ያለ ምክንያት አይሰረጉድም። ውሃ ከላይ ይመጣል ብለን እናስባለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሥር ነው የሚመጣው። ሻወር ስትወስዱ፣ ስታበስሉ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ይሄዳል። በብርድ ጊዜ ከቀዝቃዛው ቦርድ ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። በክፉ ብርድ ጠዋት አቲክ ብትገቡ የምስማሮቹ ጫፍ ላይ አመዳይ ልታዩ ትችላላችሁ። ቀኑ ሲሞቅ ይንጠባጠባል። የዛገ ምስማርና ጥቁር ሻጋታ የዚህ ምልክት ነው።

መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ቱቦ የት እንደሚያልቅ እዩ። ውጭ መውጣት አለበት። በብዙ አሮጌ ቤት ግን አቲክ ውስጥ ተጥሎ ነው የሚገኘው። የወጥ ቤቱም ፋን እንዲሁ። እኛ ቤት በሳምንት አንዴ እንጀራ ይጋገራል። ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ ወደ ውጭ የሚያወጣው ፋን ካላገኘ መግቢያ አያጣም። ስትጋግሩ ፋኑን አብሩ፣ እሱ ከሌለ መስኮት ክፈቱ።

ቀጥሎ አቲኩ ይተነፍሳል ወይ? አየር ከአሸንዳው ሥር ካለው ቀዳዳ ይገባል፣ በአናቱ በኩል ይወጣል። ኢንሱሌሽን ሲጨመር ብዙ ጊዜ የታችኛው ቀዳዳ ይደፈናል። የተለመደው መመዘኛ ለ150 ስኩዌር ጫማ የአቲክ ወለል 1 ስኩዌር ጫማ ክፍት ቀዳዳ ነው። መግቢያና መውጫው ተመጣጥኖ ሲሠራ ለ300 አንድ ይበቃል። ባትሪውን አጥፍታችሁ በአሸንዳው በኩል ተመልከቱ። ብርሃን ጭራሽ ካልታየ ምናልባት ተደፍኗል።

7. የአናቱን መስመር ለዩ

እስካሁን ያወራነው ስለ ቦርድ ነው። ይህኛው ከባዱ ነው። መንገድ ማዶ ቆማችሁ ሲባጎውን በሁለት እጃችሁ ወጥራችሁ ከዓይናችሁ ፊት ያዙትና ከጣሪያው አናት መስመር ጋር አስተያዩት። አናቱ ከመሃል ዝቅ ብሎ እንደ ፈረስ ጀርባ ከሆነ ችግሩ ተሸካሚው እንጨት ጋ ደርሷል። ራፍተሮቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ እየገፉት ሊሆን ይችላል። ወይም አንድ ሰው አቲኩን ዕቃ ማስቀመጫ ላድርግ ብሎ የትረሱን መሃል ቆርጦት ይሆናል። የትረስ አንዱም እንጨት ትርፍ አይደለም። አቲክ ውስጥ የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ ካያችሁ ከባድ ዕቃ ካለ አውርዱ።

በተጨማሪ ላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከወጣ፣ በር አልዘጋ ካለ፣ ጣሪያ ሠሪ አትጥሩ። ፈቃድ ያለው ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ማለትም የቤቱን ተሸካሚ አካል የሚመረምር መሐንዲስ፣ ጥሩ። እሱ ጣሪያ አይሸጥም፤ ስለዚህ የሚጽፍላችሁን ማመን ይቀላል። የጻፈውን ይዛችሁ ነው ዋጋ የምትጠይቁት።

8. የሺንግሉ የራሱ ጥፋት የሆነው

አለ፣ ግን ከሁሉም መጨረሻ ያመጣሁት ሌላው ከተጣራ በኋላ ስለሚታይ ነው። ያረጀ ሺንግል ጠርዙ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ጠጠሩ ረግፎ አሸንዳ ውስጥ ይከማቻል። ይህ እርጅና ነው፣ መቀየር ነው። በብርድ የተመታ አዲስ ሺንግል ደግሞ ቶሎ አይተኛም። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ የሚሠራው ፀሐይ ሲያሞቀው ነው፤ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ያስቸግራል። የመጀመሪያው ሞቃት ወር እስኪያልፍ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላም ካልተኛ ግን መልሱ "ጠብቁ" መሆን የለበትም።

ኮንትራክተር ስታናግሩ

በረዶ ወይም ነፋስ ባለፈ ማግስት በር የሚያንኳኳ ሰው አለ። "ጣሪያችሁ ተጎድቷል፣ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ እዚህ ጋ ፈርሙ" ይላል። አትፈርሙ። ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከፍለው በነፋስ፣ በበረዶ ወይም በወደቀ ዛፍ ድንገት ለደረሰ ጉዳት ነው። እርጅናና የአሠራር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። በር ላይ የተፈረመ ውል ቢኖርባችሁ የፌዴራሉ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ 3 የሥራ ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል።

ሜሪላንድ ከሆናችሁ ሰውየው የቤት ማሻሻያ ኮሚሽኑ የሰጠው የኤምኤችአይሲ ፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ አጣሩ። ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ዲፒኦአር የሚባለው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው፣ እዚያም ማጣራት ይቻላል።

ውሉ ላይ እንዲጻፍ የምትጠይቁት ይህ ነው። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይነሳል ወይስ በላዩ ይነጠፋል? የተበላሸ ቦርድ ከተገኘ የአንዱ ዋጋ ስንት ነው? በቦርዶቹ መካከል ⅛ ኢንች ክፍተት ይተዋል? ኤችክሊፕ ይገባል? በእያንዳንዱ ሺንግል ስንት ምስማር ይመታል? የተለመደው 4 ነው፤ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ 6 ይፈለጋል። ከሥር የሚነጠፈው ፌልት ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር። አቲክ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩት። ፎቶውን አይቶ ስለ ቦርዱ የሚያወራ ሰው ጥሩ ነው። ሳያይ ስለ ሺንግሉ ቀለም የሚያወራውን ተውት።

የኛው ጣሪያ ለሁለት ተከፍሎ ተሠራ። ከሥር፣ ጋሼ ሁለት በአራት እንጨት ቆርጠው በትረሶቹ መካከል፣ በመገናኛው ሥር አስገቡና የሰረጎደውን ጠርዝ ገፍተው ከአዲሱ ጋር አቻ አደረጉት። ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ። ከላይ ደግሞ ለኮንትራክተሩ ፎቶውን ሳሳየው ተመልሶ መጣ። በዚያ መስመር ያለውን ሺንግል አነሳ፣ መገናኛውን በመጋዝ ከፍቶ ክፍተቱን ሠራ፣ አዲስ ሺንግል መታ። በማግስቱ ጠዋት ያው ቦታ ላይ ቆሜ ፎቶ አነሳሁና በጥር ወር ካነሳሁት ፎቶ ጋር አስተያየሁት። የቀረው ከበሩ በላይ ያለው አንድ ለስላሳ ጉብታ ብቻ ነው። እዚያ ትረሱ ራሱ ከፋብሪካ ሲመጣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ደረቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አይቼዋለሁ። እሱን ተውነው።